ሦስት ጣት እጥፋት

በ1989 ዓ.ም. ክረምት፣ ሐምሌ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ጓደኛዬ ቤይሩት እንዳትሄድብኝ ብዬ አንድ ማህደር ማዘጋጀት ጀመርኩ። ማህደሩ ዛሬም ሣጥኔ ውስጥ አለ። ጠርዙ ተበልቷል፤ ቡናማ ቀለሙ ገርጥቷል። ለበዓል ልብስ ሳወጣ እጄ ይነካዋል። ያኔ የጀመርኩትን ትቼ ቁጭ እላለሁ።

እኔና እሷ ልብስ ፋብሪካ አብረን ሠርተናል፤ እኔ ሰፊ ነበርኩ፣ እሷ ቆራጭ። ሠራተኛ ሲቀነስ በአንድ ቀን ወጣን። በዚያው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ከጋርመንት ወደ ለቡ በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራየን። በእግር የሚረገጡ ሁለት የስፌት መኪናዎች፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛና አንድ የከሰል ካውያ ነበሩን። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ልንሰፋ ነበር የተነሣነው። የነፍስ አባቴ መጥተው ጠበል ረጭተውልን ሥራ ጀመርን።

ያኔ ክፍለ ከተማ የሚባል ነገር አልነበረም። አድራሻችን ወረዳና ቀበሌ ነበር፤ ለሰው ስንናገር ግን «ከጋርመንት ወረድ ብሎ፣ ባህር ዛፎቹ ጋ» ነው የምንለው። ከእኛ ክፍል ጀርባ ጀምሮ እስከ ፉሪ ድረስ ጤፍና ሽምብራ ነበር። ዛሬ ፎቅ የቆመበትን ቦታ ሳይ ዓይኔ አሁንም የሽምብራውን ማሳ ይፈልጋል። በክረምት ጭቃው ጫማ ያስወልቃል። በረዶ ቆርቆሮውን ሲመታ የመኪናችን ድምፅ አይሰማንም፤ እግራችን ብቻ ይረግጣል።

የቤቱ ባለቤት እናት የአገሩ ሰው ናቸው፣ ገበሬ። ከማሳቸው ሲመለሱ በሩ ላይ ይቆሙና «ዛሬም ሰው የለም?» ይሉናል።

«የለም እማማ።»

«ይመጣል» ብለው ይሄዳሉ።

ሰው ግን አልመጣም። ወላጅ ሁሉ ለልጁ ዩኒፎርም የሚገዛው መርካቶ ነው። እኛ መኖራችንን ማን ያውቃል?

ጓደኛዬ በዕድሜ ከእኔ በስምንት ዓመት ታንሳለች። «እታለም» ነው የምትለኝ። የሰባት ዓመት ልጅ አለቻት፤ የልጅቷ አባት ከሄደ ቆይቷል። አንድ ቀን ጨርቅ እየቆረጠች፣ ቀና ሳትል፣ «ፓስፖርቴ ወጥቷል» አለችኝ።

«የምን ፓስፖርት?»

«የቤይሩት። ደላላው ዘንድ ነው። እስከ ጳጉሜ ይጠብቀኛል። ሥራው ካልያዘልን እሄዳለሁ፤ ልጄን አንቺ ዘንድ ነው የምተዋት።»

መቀሷ አላቆመም። ልጅቷን እንደ ልጆቼ እወዳታለሁ፤ የእናቷን ቦታ ለመውሰድ ግን አልፈለግሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸሎቴ ይኸው ሆነ።

መንገዱን ያሳዩን ጋሼ ናቸው። ጋሼ ጎረቤታችን ነበሩ፤ በአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት በሕዝብ ግንኙነት ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው። የሱሪያቸውን እግር ሊያሳጥሩ መጥተው ባዶውን ክፍል ዙሪያውን ቃኙት።

«ሰው ካላወቃችሁ በምን ይመጣል?» አሉኝ።

«በእግዚአብሔር ፈቃድ ነዋ።»

«እሱማ አለ። ግን ጋዜጣም አለ።»

ከዚያ አስረዱን። አዲስ ሥራ የሚጀምር ሰው ለጋዜጠኛ የሚሰጠው ማህደር አለ። ፈረንጆቹ ፕሬስ ኪት ይሉታል። «ማን እንደሆናችሁ አንድ ገጽ» አሉ፣ ጣታቸውን እያጠፉ። «ምን እንደምትሠሩ አንድ ገጽ። ፎቶግራፍ፣ ጥቁርና ነጭ ይሁን፤ ጋዜጣ ቀለም አያውቅም። አድራሻ። ከሥራችሁ አንድ ናሙና። በቃ። ጋዜጠኛ ጊዜ የለውም፤ ሲከፍተው ሁሉንም ማግኘት አለበት።»

«ጋሼ፣ ለሁለት መኪና ይህ ሁሉ?» አለች ጓደኛዬ።

«አንቺ ልጅ፣ ማህደር የሚያስፈልገው ሁለት መኪና ላለው ነው። ሁለት መቶ ያለውንማ ጋዜጠኛው ራሱ ይመጣለታል።»

በነሐሴ ውስጥ ጋዜጣው ስለ ትምህርት መከፈት አንድ ሙሉ ገጽ እንደሚያወጣ ነገሩን። ከዚያ በፊት መድረስ አለበት። እሳቸው ግን ለፍልሰታ ሱባዔ ሊገቡ ነበር። «ሳላየው እንዳትሰጡ» ብለውን ሄዱ። መቼ ተደርሶ? እሳቸው እስኪመለሱ ገጹ ያልፋል። ያለ እሳቸው ጀመርነው።

ስለ ራስ አንድ ገጽ መጻፍ ቀላል ይመስላል። እናቴ ግን ስለ ራሴ እንዳላወራ አድርጋ ነው ያሳደገችኝ። ሰው ሲያመሰግነኝ አንገቴን ደፍቼ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የምለው። «ጎበዝ ሰፊዎች ነን» የሚል ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩ። እጄ ራሱ እምቢ አለኝ።

ለማመስገን ሲሆን ግን ቃል አላጣም። ለዚህ ያደረሰንን ፈጣሪ አመሰገንኩ። የነፍስ አባቴን፣ ደብራችንን፣ የእድራችንን ዳኛና አባላት አመሰገንኩ። ክፍሏን ያከራዩንን ቤተሰብ፣ ጠረጴዛውን የሠራልንን አናጢ፣ ጎረቤቶቻችንን፣ የውሃ ቆጣሪ አንባቢውን፣ በችግራችን ጊዜ ከጎናችን ያልተለዩትን ወዳጆቻችንን ሁሉ አመሰገንኩ። አንዱ ገጽ አልበቃ ሲለኝ ስለ ሥራችን ለሚጻፈው የተመደበውንም ገጽ ወሰድኩት።

ጓደኛዬ ጠረጴዛው ላይ ተደግፋ አነበበችው።

«ሁሉም ሰው አለ» አለች። «የውሃ ቆጣሪ አንባቢው ሳይቀር አለ። እኔ ብቻ የለሁም።»

«አንቺማ እኔው ነሽ። ሰው ራሱን ያመሰግናል እንዴ?»

«ይሁን» ብላ መቀሷን አነሣች።

ያንን «ይሁን» ያኔ አልሰማሁትም። ዛሬ ግን ይሰማኛል።

ናሙናው ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አደረግሁ። እሷ አንድ ዘዴ ነበራት። የቀሚሱን የታችኛውን ጠርዝና የእጅጌውን ጫፍ ስትቆርጥ ሦስት ጣት የሚያህል ጨርቅ ታስተርፍና ወደ ውስጥ ታጥፈዋለች፤ እጥፋቱም በላላ ክር ይያዛል። ልጅቷ በዓመቱ ስታድግ እናትየዋ ክሩን ስባ ታወጣዋለች፤ ቀሚሱ ይረዝማል። አንድ ዩኒፎርም ሁለት ዓመት ያገለግላል። መጀመሪያ የሠራችው ለራሷ ልጅ ነው፣ ሌላ መግዣ ስታጣ። እኔ ጨርቅ ያባክናል ብዬ ተከራክሬያት ነበር፤ ኋላ ተውኩት። ለጋዜጣው የሚሄደውን ቀሚስ ግን እጥፋቱ እንዳይታይ በካውያ ደጋግሜ ደፈጠጥኩት። ለቸገረው ሰው የተሰፋ እንዳይመስል ብዬ ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ የገዛ ችግራችንን ነበር የደበቅሁት።

ፎቶውን የተነሣነው ሳሪስ ነው። ፍልሰታ ገብቶ ነበርና ቅዳሴ እንደወጣን፣ ነጠላችንን እንደለበስን፣ ምግብ ሳንቀምስ ሄድን። እሷ ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች፤ ካላት የተሻለው እሱ ነው። ፎቶ አንሺው ጎን ለጎን አቆመንና «ትንሽ ፈገግ በሉ» አለን።

«በጾም?» አለችው።

ፈገግ ሳንል ተነሣን። ጽሑፉን ጎፋ ወስደን በታይፕ አስመታነው። ጸሐፊዋ ሁለቱን ገጽ መትታ ስትጨርስ አንገቷን ነቅንቃ «እግዚአብሔር ይርዳችሁ» አለችን። ጥሩ ምልክት ነው ብዬ ተደሰትኩ።

ጋዜጣው ቤት መሃል ከተማ ነበር። በጠዋት ደረስን። ከእንጨት ባንኮኒ ኋላ አንዲት ሴት የሱፍ ሻርፕ ደርባ ተቀምጣለች። ማህደሩን በሁለት እጄ ሰጠኋት። የመጀመሪያውን ገጽ አነበበች። ፎቶውን አየች። ፊቷ ተለወጠ፤ ተነሥታ ሁለት ወንበር አቀረበችልን።

«ተቀመጡ እባካችሁ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

እንዲህ ያለ ደግ ሰው ስላጋጠመን በልቤ አመሰገንኩ።

«በክፈፍ ይሁን ያለ ክፈፍ?»

«ምን ይሻላል?»

«ብዙ ሰው በጥቁር ክፈፍ ነው የሚያወጣው።»

«እንግዲያው እንደ ሰው ይሁንልን።»

መዝገቧ ላይ ጻፈች። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ካገላበጠች በኋላ እንደገና ቀና አለች።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ፎቶው የእናንተ የሐዘንተኞቹ ነው። የሟቹስ የታለ?»

እኔና ጓደኛዬ ተያየን።

«የየትኛው ሟች?» አልኩ።

«የሞተባችሁ ሰው። ስሙም አልተጻፈም፤ መቼ እንዳረፈም የለም።»

ያኔ ገባኝ። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ከቀብር በኋላ ያስተዛዘነውን ሁሉ በጋዜጣ ያመሰግናል፤ ካህናቱን፣ እድሩን፣ ጎረቤቱን፣ በችግራችን ጊዜ ያልተለዩንን ሁሉ። እኔ የጻፍኩት ቃል በቃል እሱን ነበር። ሁለት ነጭ ነጠላ የለበሱ፣ አንዷ በጥቁር ቀሚስ፣ በረሃብ ዓይናቸው የፈዘዘ ሴቶች ፎቶ አያይዤበታለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ጓደኛዬ ግን ወደ ሴትየዋ ጠጋ አለች።

«ሟቿ ሱቃችን ናት እህቴ» አለቻት። «ገና አልሞተችም። እስከ ጳጉሜ ታጣጥራለች።»

ይህን ብላ ሳቀች። ፓስፖርቷን ከነገረችኝ ቀን ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር። ሳቋ አላቆም አላት፤ ባንኮኒውን ይዛ ተንበረከከች። ሴትየዋም አፏን በሻርፗ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ወዲያው ከውስጥ አንድ ጎልማሳ ሰው እርሳስ ጆሮው ላይ እንደሰካ ወጣ።

«ለቅሶ ቤት ሳቅ?» አለ።

ጋዜጠኛ ነው። የትምህርቱን ገጽ የሚያዘጋጀውም እሱ ሆኖ ተገኘ። ወደ ቢሮው አስገባንና ሻይ ሊያዝልን ሲል ጾም ነን አልነው። ጽሑፌን ከዳር እስከ ዳር አነበበው።

«የነፍስ አባታችሁ አሉ» አለ። «የእድራችሁ ዳኛ አሉ። አናጢው አለ። እናንተ ምን ትሠራላችሁ?»

«ዩኒፎርም እንሰፋለን።»

«እሱ የት ነው የተጻፈው?»

የትም አልተጻፈም። እሱም ናሙናውን ቀሚስ ከያዝነው ፌስታል አወጣና ገለበጠው። እኔ አራት ጊዜ በካውያ የደፈጠጥኩትን ጠርዝ በአውራ ጣቱ አገኘው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ይቅርታ፤ የማይታይ መስሎኝ ነበር።»

«ምንድን ነው ብዬ ነው የምጠይቅሽ።»

ጓደኛዬ እንድትመልስ ጠበቅሁ። ሁልጊዜ ቀድማ የምትናገረው እሷ ናት። ያን ጊዜ ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካላንደር ታያለች። እኔው አስረዳሁት፤ ሦስት ጣቱን፣ የላላውን ክር፣ ሁለት ዓመቱን። ሰውየው ቀሚሱን ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

«አራት ልጆች አሉኝ» አለ። «በየመስከረሙ አራት ዩኒፎርም ነው የምገዛው። ይህ የማን ሐሳብ ነው?»

ጓደኛዬ አሁንም ካላንደሩን ታያለች። «እኔ ብቻ የለሁም» ያለችኝ ትዝ አለኝ። ቆጣሪ አንባቢውን አስቤ እሷን የረሳሁ ሴት ነኝ።

«የእሷ ነው» አልኩት። «እኔ እንዲያውም ተቃውሜያት ነበር። ትተን እንዳንወጣ ያደረገን የእሷ መቀስ ነው።»

ካላንደሩን ማየት ተወች።

«ታዲያ ይህን ምነው ደበቅሽው?» አለኝ ሰውየው።

«ሰው ይታዘበናል ብዬ።»

«እመቤቴ፣ ምስጋናውን እግዚአብሔር ሰምቶታል። ለእኔ ይህን ንገሪኝ። ገጹ ነገ ከሰዓት ይዘጋል። ጠዋት አንድ ወረቀት አምጪልኝ፤ አንድ ብቻ። ካላመጣሽ ቦታውን ለሌላ እሰጠዋለሁ።»

በታክሲ ተመለስን። ዝናቡ ቆሞ ነበር። የክፍላችንን በር ከፍተን መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘረጋሁ። እሷ ፊት ለፊቴ ቆማ ጨርቅ ትቆርጣለች፤ እኔ እጠይቃለሁ፣ እሷ ትመልሳለች።

«እጥፋቱን መጀመሪያ መቼ አሰብሽው?»

«አምና። ልጄ አንደኛ ክፍል ልትገባ ስትል።»

«ለምን ሦስት ጣት?»

«አራት ሲሆን ይከብዳታል። ሁለት ሲሆን ለዓመት አይበቃም። ልኬ ነው።»

«በምን ለካሽ?»

«በጉልበቷ ነዋ፣ በምን እለካለሁ? ግድግዳ ላይ አቁሜ።»

የምትለውን እንዳለችው ጻፍኩት። መጀመሪያው መስመር ላይ እሷን አስቀመጥኩ፤ ቆራጭ መሆኗን፣ የማን እናት እንደሆነች፣ እጇ በመለኪያ እንደማይሳሳት። ቀጥዬ የምንሰፋውን፣ የት እንደምንገኝ፣ ከጋርመንት እንዴት እንደሚመጣ። ስለ እኔ «ሰፊዋ ጓደኛዋ» ከማለት በቀር አልጨመርኩም። ምስጋና አንድ መስመር ብቻ ተውኩ፣ መጨረሻ ላይ፣ ለፈጣሪ። እሱን መሰረዝ አልቻልኩም።

ወረቀቱን ሰጠኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ይቺ ሴትዮ ጎበዝ ናት» አለች። «ባገኛት እቀጥራታለሁ።»

«ቤይሩት ልትሄድ ነው አሉ።»

ወረቀቱን አጥፋ ማህደሩ ውስጥ ከተተችው። «ይውጣና እናያለን» አለች። ከዚያ በላይ አልጠየቅኋትም።

ጽሑፉ ወጣ። አጭር ነበር፣ በገጹ ግርጌ፣ ያለ ክፈፍ። በሦስተኛው ቀን ሁለት እናቶች ጭቃውን ተሻግረው መጡ፤ አንዷ ጋዜጣውን እንዳይርስ ብብቷ ሥር ይዛዋለች። በሳምንቱ ወረፋ ነበር። የቤቱ ባለቤት እናት በሩ ላይ ቆመው አዩና «አላልኳችሁም?» ብለው ወደ ማሳቸው ሄዱ። ጳጉሜ ላይ ጓደኛዬ ፓስፖርቷን ከደላላው ተቀብላ መጣች። ሰድቧታል፤ ስድቡን እየደገመች አሳቀችን። ልጇን እሷው አሳደገቻት።

ጋሼ ከሱባዔ ሲመለሱ ሁለቱንም ጽሑፍ ጎን ለጎን አነበቡ። «ሁለተኛው ጥሩ ነው» አሉ። «የመጀመሪያውን ግን አትጣሉት፤ ለእኔ ቀብር ይሆናል።» ከዓመታት በኋላ እሳቸው ሲያርፉ ልጆቻቸው በጋዜጣ የሚወጣውን ምስጋና እንድጽፍላቸው ለመኑኝ። አልተቸገርኩም። ክፈፉም ጥቁር ነበር።

ይህ ሁሉ በኋላ የሆነ ነው። እኔ አብዝቼ የማስታውሰው ወረቀቱን ከጻፍን በኋላ የነጋውን ጠዋት ነው።

ኪዳን አድርሼ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ጉም ነበር፤ ባህር ዛፎቹ ወገባቸው ብቻ ይታያል። በቀጥታ ወደ ጓደኛዬ ቤት ሄድኩና የልጅቷን የአምና ዩኒፎርም እንድትሰጠኝ ጠየቅኋት። ለምን አላለችኝም፤ ከግድግዳው ምስማር አውርዳ ሰጠችኝ። ደጃፉ ላይ ተቀምጬ የላላውን ክር ጫፍ ፈለግሁና ሳብኩት። እጥፋቱ ወረደ። ቀሚሱ በዓመቱ ፀሐይና እጥበት ነጥቷል፤ ተደብቆ የኖረው ሦስት ጣት ግን እንደተገዛበት ቀን ሰማያዊ ነው። ልጅቷን አንቅተን አለበስናት። ግድግዳው ጋ ሄዳ ቆመች፤ መለካቱን ለምዳዋለች። ጠርዙ ጉልበቷ ላይ ልክ አረፈ።

አስወለቅናትና አጠፍኩት። ካውያ አላስነካሁትም። የናሙናውን አዲስ ቀሚስ ለጓደኛዬ ትቼ፣ አሮጌውን፣ ነጩና ሰማያዊው የሚለዩበት መስመር እንዳለ፣ ለጋዜጠኛው ላሳየው ከማህደሩ ጋር በፌስታል ያዝኩና ወደ ጋርመንት፣ ወደ ታክሲው ወጣሁ።